ጠገራ ብር ፍለጋ፦ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ረቡዕ፣ እንጦጦ

የጥንት ሳንቲም እሰበስባለሁ ስል ሰው ቶሎ የሚጠይቀኝ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። የማን ነበር? ከየት ተገኘ? በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? የሚናገርለት ሰው ያጣ ሳንቲም የተመዘነ ብረት ሆኖ ይቀራል። የሚናገሩት ሰዎች ደግሞ አርጅተዋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዞ የምገዛው ነገር የለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች እየዞርኩ፣ በየቤቱ የተቀመጠውን ጠገራ ብር፣ ማለትም ድሮ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለውን ትልቅ የብር ሳንቲም፣ እያየሁና እየመዘንኩ፣ የባለቤቱን ቃል በደብተር እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ቪትዙን ይዞ መጣ። ዕቃችን ጥቂት ነው። ኪስ የምትገባ ዲጂታል ሚዛን፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስመሪያና ወፍራም ደብተር።

ከእንጦጦ የጀመርነው በምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ብዙም ሳይቆዩ በራሳቸው መልክ ገንዘብ ማሳተም አሰቡ። ትእዛዙ ፓሪስ ሄደ። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ከዚያ መጣ።

ጡረታ የወጡ መምህር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መንደር ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቡና ተፈልቶ ጠበቁን። አቦሉ ሳይጠጣ ሳንቲም አይወጣም አሉ፤ አልወጣምም። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ ብር አመጡ። በ1889 ዓ.ም. የተመታ የምኒልክ ብር ነው። ከአድዋ ድል ማግስት ያለው ዓመት መሆኑ ነው።

በአንድ ገጹ ንጉሡ ዘውድ ደፍተዋል። በሌላው አንበሳው መስቀል ያለበት ዘንግ ይዞ ይራመዳል። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው 27.8 ግራም አለ። አዲስ ሳለ 28 ግራም ያልፍ ነበር። የጎደለው በሰው እጅ ያለቀው ነው። ጋሼ አንበሳውን በጣታቸው አሳዩኝ። «የትኛውን እግሩን ነው ያነሣው?» አሉ። ግራውን ነበር። በቀደሙት ብሮች አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣል፤ በኋላኞቹ ላይ ቀኙን። ይህን ትንሽ ልዩነት ሰብሳቢ ሁሉ ማየት አለበት።

«አያቴ የግቢ አናጢ ነበሩ» አሉ ጋሼ። «ደሞዛቸውን ሲቀበሉ አንዱን ለብቻ አስቀመጡ። ንጉሡ በራሳቸው መልክ ያሳተሙት ነው ብለው ማጥፋት አሳዘናቸው። አባቴም አላጠፋውም። እኔም አላጠፋሁትም።»

ይህንን ቃል በቃል ጻፍኩ። አብዛኛው ሰው ግን እንደ አናጢው አላደረገም። የምኒልክ ብር ክብደቱም ስፋቱም ሕዝቡ ከሚያውቀው፣ የኦስትሪያዋ ገዢ መልክ ካለበት ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነው የተሠራው። አላዱ፣ ሩቡ፣ ግርሹ የተባለው ዝርዝር ሁሉ ከዚያ ተከትሎ ወጣ። ባላገሩ ግን ለብዙ ዓመት ከንጉሡ ይልቅ ባዕዷን ሴት አመነ። በመልኳ የተመታውን ብር አባቱም አያቱም ያውቁታላ።

ሐሙስ፣ ሱሉልታ

እንጦጦን አልፎ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ድሮ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ዛሬ መጋዘንና ፎቅ እየበዛበት ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን በኮረኮንች መንገድ ትንሽ እንደሄድን ግን የሳር ክምርና የከብት በረት ያለው ግቢ አገኘን።

እማማ በር ላይ ተቀበሉን። ለቤተሰቡ በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ ያወራሉ። እርጎ ቀርቦ፣ ጠጥተን፣ ስለ ጤና ተጠያይቀን ከጨረስን በኋላ ድሪያቸውን አወጡ። በጥቁር ክር ላይ የተሰካ ጠገራ ብር ነው፤ ከብሮቹ መሐል መሐል ጨሌ ገብቶበታል። በሠርጋቸው ቀን አማታቸው አንገታቸው ላይ ያሰሩላቸው ነው።

ብሮቹ ሁሉ የክር ማስገቢያ ጆሮ ተበይዶባቸዋል። ከሀገር ውጭ ባሉ ገበያዎች እንዲህ ያለ ብር የተበላሸ ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ አልስማማም። ጆሮው ብሩ የት እንደነበረ ይናገራል። ጆሮ የሌለው ብር የትኛውም ባንክ ምድር ቤት ተኝቶ የኖረ ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ግን የሱሉልታ ሙሽራ አንገት ላይ ነበር። ታሪኩ ያለው እዚያ ብየዳ ላይ ስለሆነ ፎቶ ሳነሣ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን አነሣሁ።

እማማ ሲስቁ ጥርሳቸው በሙሉ ይታያል። «እናቴ ከገበያ ስትመለስ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ ነው» አሉኝ። «ፈትታ ትሰጠኝና ዕንቁውን ቁጠሪ ትለኝ ነበር። የኔ ዓይን ያያል፣ የእሷ ደክሟል። ከጎደለ በማግስቱ ይዛው ትመለሳለች።»

ማጉያ መነጽሩን ሰጠኋቸው። አልፈለጉትም። በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ትከሻዋ ላይ ካለው ጌጥ ዙሪያ 9 ዕንቁ አለ። በራሷ ላይ ባለው ጌጥ ደግሞ 7። ነጋዴውም ገበሬውም እነዚህ ዕንቁዎች በጣት ካልተዳሰሱ ብሩን አይቀበልም ነበር። ያለቀ ብር ማለት የጎደለ ብር ነው፤ የጎደለ ብር ደግሞ ከገበያ ይመለሳል።

ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። በብሩ ላይ ያለችው ባሏ ከሞተ በኋላ ያለችው፣ ሻሽ የለበሰችው ናት። ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለ ሕዝብ ሌላ መልክ፣ ሌላ ቁጥር ያለበትን አልቀበልም አለ። ስለዚህ በቪየና፣ በቬኒስ፣ በሚላኖ፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተመታ። ሁሉም ላይ 1780 ነው የሚለው። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ከመቶ 83 እጅ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። በመርከብ ምጽዋ ይወርድና በግመልና በበቅሎ ደጋውን ይወጣል። ሲወርድ ቡናና ቆዳ፣ ሲወጣ ጠገራ ብር፤ የነጋዴው ሕይወት ይኸው ነበር።

የትኛው ብር የት እንደተመታ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በጌጡ ላይ ያሉ የዕንቁዎች አቀማመጥ፣ ከጀርባው ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር የጅራቱ ላባ ይታያል። ከእማማ ድሪ ላይ ሁለቱ ከሌሎቹ በግልጽ የተለዩ ነበሩ። እዚያው ሥዕላቸውን በእርሳስ ነድፌ ያዝኩ።

ልንወጣ ስንል የልጅ ልጃቸው አንድ ጥያቄ አነሣች። «ለምን አትሸጡትም?» አለቻቸው በኦሮምኛ። የመለሱትን ጓደኛዬ ተረጎመልኝ። ላንቺ ሠርግ ነው አሏት።

ዓርብ፣ ሆለታና አዲስ ዓለም

ቡራዩን አልፈን ሆለታ ቁርስ በላን። ፍርፍሩ ጥሩ ነበር። ከተማው በስዊድን መኮንኖች በተጀመረው የጦር ትምህርት ቤት ይታወቃል። የቀጠርነው ሰው ግን ቤት አልነበረምና ጉዞ ቀጠልን።

አዲስ ዓለም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ምኒልክ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ሳለ መናገሻዬን እዚህ ላድርገው ብለው ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት፣ ሐሳቡም ቀረ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የአዲስ ዓለም ማርያም ግቢ ዛሬም ያንን ታላቅ ሐሳብ ይመስላል። ኮረብታው ላይ ቆመው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ንጉሡ ይህንን ቦታ ለምን እንደወደዱት ይገባዎታል።

ከግቢው ውጭ ባለች ሻይ ቤት አንድ አባባ ጋር ተገናኘን። የ80ዎቹን ዕድሜ አጋማሽ አልፈዋል። ገና ሰላም ብለን ሳንጨርስ «እኔ ጋ ያለው የመሬት ብር ነው» አሉን። አባታቸው በጣልያን ዘመን ብራቸውን በማሰሮ አድርገው ከበረት ሥር ቀበሩት። ጠላት ወጥቶ ሰላም ሲሆን ቆፍረው አወጡት። ከዚያ ውስጥ ሁለት ብር ለልጆቻቸው መታሰቢያ ይሁን ብለው አላጠፉም።

የጣልያን ወረራ ለማርያ ትሬዛ ብር ልዩ ምዕራፍ ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ብሩን በሮም ማስመታት ጀመረ። ወታደሩ በሚያልፍበት አገር ሕዝቡ የሚቀበለው ገንዘብ እሱ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ሌሎች አገሮችም ተከትለው መቱ። በኋላ ጣልያን ሊሬን በግድ ሊያስገባ ሞከረ። አባባ ያኔ ልጅ ነበሩ። አባታቸው «ሊሬ ወረቀት ነው» ይሉ እንደነበር ነገሩን። «ዝናብ ይበላዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ እሳት ይበላዋል።»

ሁለቱ ብሮች ጥቁር ናቸው። ጠርዛቸው አረንጓዴ ነገር ይዟል። አባባ የልጃቸው ሚስት በአመድና በሎሚ ልትጠርግላቸው እንደምትፈልግ ነገሩኝ። እባክዎ አያስነኩት አልኳቸው፤ በልመና ነው ያልኩት። አሲድ ያለው ነገር ሁሉ፣ አመዱም፣ የጥርስ ሳሙናውም ከብሩ ፊት ላይ ቀጭን ንጣፍ ይዞ ይሄዳል። ዕንቁዎቹ ይደበዝዛሉ። ያ ጥቁረት ደግሞ በበረት ሥር የቆየበት ዓመታት ምልክት ነው። ሲጠፋ ዳግም አይመጣም። ለስላሳ ጨርቅ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ማድረቅ፤ ከዚህ አልፎ ምንም አያስፈልግም። ሲይዙትም በጠርዙ እንጂ ፊቱን በጣት አይነኩም፤ የእጅ ላብ ጨው አለው።

ጠርዙን በመነጽር አሳየኋቸው። የማርያ ትሬዛ ብር ጠርዝ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተመትቷል። ይህንን አይተው አያውቁም ነበር። ብሩን ብዙ ዓመት ይዘው ጠርዙን ማየታቸው ገና አሁን ነው። ሽማግሌው መነጽሩን እያዞሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። ለአስመሳይ ሰው በጣም የሚያስቸግረው ይህ ጠርዝ ነው። በአፈር ወይም በሸክላ ቅርጽ ፈሶ የተሠራ ብር ጠርዙ ላይ ወይ ጽሑፍ የለውም፣ ወይ የተቆረጠ የመገጣጠሚያ መስመር ይታይበታል።

ቅዳሜ፣ ሰበታ

ሰበታ ላይ የመጣነው አንጥረኛ ለማየት ነው። ጠገራ ብር ከኢትዮጵያ ምድር የጠፋው በሌባ እጅ ወይም በውጭ ገዢ ብቻ አይደለም። አብዛኛው በከሰል እሳት ላይ ነው የቀለጠው።

ሱቁ ትንሽ ነው። ወናፉ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አሁን ግን በጋዝ ነው የሚሠሩት። ሞረድ፣ ጉጠት፣ ትንንሽ መዶሻዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ባለሙያው ከአባታቸው የተማሩ ናቸው። «የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጌጥ፣ አልቦ፣ ድሪ፤ ድሮ ከብር ነው፤ ብሩም ከጠገራ ነው» አሉን። አባታቸው ሲመዝኑ ጠገራ ብር ራሱ ድንጋይ ሆኖ በሚዛኑ አንድ ወገን ይቀመጥ ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው።

እኛ ሳለን አንዲት ሴት ገባች። ሦስት ጠገራ ብር ከቦርሳዋ አወጣች። ለሴት ልጇ ሠርግ የአንገት መስቀል እንዲሠራላት ነው። ልቤ ደነገጠ። የእሷ ገንዘብ፣ የእሷ ልጅ ናት፤ አይቅለጥ የማለት መብት የለኝም። ግን ሳይመዘገብ መቅለጡን መታገሥ አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ከመቅለጡ በፊት ፎቶ ላንሣው?» አልኳት። «የማን እንደነበረ ብትነግሪኝስ?»

ሴትየዋ ዝም አለች። ቀጥላ ተቀመጠች። የእናቷ ጥሎሽ እንደነበር፣ እናቷ ወሊሶ አካባቢ ተወልደው በእግርና በበቅሎ ሙሽራ ሆነው እንደመጡ፣ ብሩ በሣጥን ውስጥ ከካባ ጋር እንደኖረ ነገረችን። ስትናገር አንጥረኛው ሥራቸውን አቆሙ። ሦስቱንም መዘንኩ። አንዱ 27.9፣ ሌሎቹ ከዚያ ትንሽ በታች። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የሌላ ማተሚያ ቤት ሥራ ይመስላል።

ሦስተኛውን እንዳለ ለማስቀረት የወሰነችው ራሷ ናት። ሁለቱ ለመስቀሉ ይበቃሉ ሲሏት አንዱን መልሳ በቦርሳዋ ከተተች። እኔ አላልኳትም። ሁለቱ ቀለጡ። ብሩ ሲቀልጥ መጀመሪያ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ንስሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሴትዮዋ። እስኪያልቅ አየሁት። ያ መስቀል ከዛሬ 50 ዓመት በኋላ «ይህ ከአያቴ እናት ጥሎሽ የተሠራ ነው» የሚል ሰው ካለው አሁንም ታሪክ አለው። የነገረችንን በሁለት ግልባጭ ጻፍኩና አንዱን ለሴትየዋ ሰጠኋት።

እሑድ፣ ለገጣፎ

ከቅዳሴ በኋላ ነው የሄድነው። የካን አልፈን ለገጣፎ ገባን። ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም።

ስልክ የደወለልኝ ልጅ የግንባታ ሠራተኛ ነው። «ጋሼ፣ የአክሱም አለኝ» ነበር ያለኝ። ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሳንቲም አፈሰሰ። አጎቱ አክሱም አካባቢ ካለ መንደር ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ማሳ ላይ ይወጣል አለ። ይህ እውነት ነው። በአክሱም ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ክረምት አልፎ አፈሩ ሲታጠብ ሳንቲም ማግኘታቸው የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ሁለተኛውን አየሁት፤ ቶሎ ለመጨረስ ብዬ። ፊቱ ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉ። ፊደሎቹ የሳሙና ያህል ለስላሳ ናቸው። ጠርዙ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር አለው። ለቱሪስት ተብሎ የሚሠራ ነው። ልጁን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ያታለለ ሳይሆን የተታለለ ሰው ፊት ነበር።

የመጀመሪያው ግን እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። መዳብ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በአንድ በኩል የንጉሥ ምስል፣ በሌላው መስቀል፣ ዙሪያውን የግሪክ ፊደል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኩ። በብዙ የአክሱም መዳብ ሳንቲሞች ላይ የሚገኘው መፈክር ነው፤ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» ይላል። ገንዘቡ ላይ ራሳቸውን ብቻ አሞግሰው ያልበቃቸው ነገሥታት፣ ሕዝባቸውን ደስ ለማሰኘት የተመኙበት ሳንቲም ነው። እኔ በዚህ ሁልጊዜ እገረማለሁ።

ልጁ ስለ ነገሩ ብዙ አያውቅም ነበርና ቡናችን እስኪቀዘቅዝ አወራን። አክሱም እ.ኤ.አ. ከ270 ገደማ ጀምሮ የራሱን ሳንቲም የመታ መንግሥት ነው። መጀመሪያ ያሳተሙት ንጉሥ እንዱቢስ ናቸው። በወርቅና በብር፤ መዳቡ በኋላ ተጨመረ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የወርቅ ሳንቲም የሚመቱ መንግሥታት ጥቂት ነበሩ፤ ሮም፣ ፋርስና በህንድ በኩል ኩሻን ይጠቀሳሉ። ወርቁ ለውጭ ንግድ ነበርና በግሪክ ተጻፈ። ለሀገር ውስጥ በሚያገለግለው ብርና መዳብ ላይ ቀስ በቀስ ግእዝ ገባ። በሳንቲም ላይ ግእዝ ያስጻፉት መጀመሪያ ንጉሥ ዋዜባ ናቸው።

ኢዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞቻቸው ላይ ጨረቃና ክብ ነበር ያስደረጉት፤ የድሮው እምነት ምልክት ነው። ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ ያ ተነሥቶ መስቀል ገባ። አንድ ንጉሥ እምነቱን ሲቀይር በየገበያው፣ በየሰው እጅ መዳፍ ላይ እንዲታይ አደረገ ማለት ነው። ቆይተው አንዳንድ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ በሌሎቹ ላይ በመስቀሉ ላይ ወርቅ ተለበጠ። በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ ወርቅ የመለበጥ ሥራ የአክሱሞች የራሳቸው ጥበብ ነው። የንጉሡን ፊት ከግራና ከቀኝ የከበበው ደግሞ የስንዴ ዘለላ ነው፤ የእርሻ አገር መሆኑን ለማሳየት ይመስለኛል።

ካሌብ በ6ኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግረው ወደ ሂምያር፣ ማለትም ወደ የመን ዘመቱ። እ.ኤ.አ. በ1977 የመን ውስጥ አል መድሐሪባ በተባለ ቦታ ከሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ጋር አብረው ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። የአክሱም ወርቅ በህንድም ተገኝቷል። ወዲህ ደግሞ በደብረ ዳሞ እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ህንድ ተሻግሮ ሄደ፣ ከህንድም ተሻግሮ መጣ።

የመጨረሻው ሳንቲም መቺ አርማሕ ናቸው፤ በዙፋን ተቀምጠው ይታያሉ። ከእሳቸው በኋላ በቀይ ባሕር ያለው ንግድ ተዳከመ፣ የሳንቲም ማተሚያውም ቆመ። ከዚያ እስከ ምኒልክ ድረስ የማዕከሉ ነገሥታት የራሳቸውን ሳንቲም አላሳተሙም። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ወርቅ ገንዘብ ሆነው አገለገሉ። ሐረር ግን የራሷ ሳንቲም ነበራት።

ወደ ዋጋው መጣ። ልጁ ብዙ ገንዘብ ጠራ። አልገዛም አልኩት። የአክሱም ሳንቲም አልገዛም፣ ማንም ቢያመጣልኝ አልገዛም። ከመሬት የወጣ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው ባለሥልጣን መነገር አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከሀገር አይወጣም። አዋጁ ባይኖር እንኳ እኔ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሳንቲሙ የት ማሳ ላይ፣ ከየትኛው ድንጋይ ሥር፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ካልታወቀ አርኪዮሎጂስቱ ምንም ሊያነብበት አይችልም። አንድ ሳንቲም ከአንድ መቃብር አጠገብ ከተገኘ መቃብሩን ያስረጀዋል ወይም ወጣት ያደርገዋል። የዘመን ቁጥር የሌለበት የሕንፃ ፍርስራሽ የሚነበበው በውስጡ በወደቀ ሳንቲም ነው። ከማሳው ተነሥቶ ካፌ ጠረጴዛ ላይ የመጣ ሳንቲም ግን ያንን ሁሉ አጥቷል። ልጁ ግን አሁንም የሚያውቅ ሰው አለው። አጎቱ።

አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። መንገድ ላይ ሌላ ገዢ እንደማያጣ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ደላላው ከዚህ ካፌ ብዙም አይርቅም። «አጎትህን ጠይቅ» አልኩት ስንለያይ። «ማሳውን ያስታውስ እንደሆነ ብቻ ጠይቅ።»

ሰኞ፣ አቃቂ

አቃቂ የባቡር ሰፈር ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ እዚህ በኩል ነው ያለፈው። የባቡር ሠራተኛ ልጆች የነበሩ እህትና ወንድም ቀጥረውን ነበር። ጠገራ ብር አልነበራቸውም። የነበራቸው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተሞላ ሳንቲም ነው።

ሳንቲሙ በሙሉ አንድ ዓመት ነው የሚለው፤ ፲፱፻፴፮። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር ሥራ ሲጀምር የወጡት ሳንቲሞች ይህንን ዓመት ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሲመቱም ቁጥሩ አልተለወጠም። ማርያ ትሬዛም እንዲሁ ነበረች። ሰው ያመነውን ገንዘብ መልኩን መቀየር አይወድም።

ከቆርቆሮው ውስጥ 50 ሳንቲም ስናወጣ ክብደቱ የተለየ ነበር። የብር ነው። 25 ሳንቲሙ ግን መዳብ ነው፣ ሁለት ዓይነትም አለው። አንደኛው ክብ፣ ሌላው ጠርዙ ጥርስ ጥርስ። ክቡን 25 ሰዎች ነጭ እየቀቡ 50 ነው ብለው ስለሸጡት ነው ጠርዙ የተቀየረው። እህትየዋ ይህንን ስነግራት በቆርቆሮው ውስጥ መፈለግ ጀመረች። ክብ 25 ሳንቲም አገኘችና ገልብጣ ስታየው ጠርዙ ላይ ነጭ ቅባት ቀርቷል። ወንድሟ ደግሞ አባታቸው ከሥራ ሲመጡ ኪሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ያራግፉ እንደነበር፣ ቆርቆሮው ከዚያ እንደሞላ ነገረን። ሳንቲሞቹን መደብን፣ በየዓይነቱ አከፋፈልን፣ በደብተሩ ጻፍን። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ለኔ ግን የባቡር ሠራተኛ ኪስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የለገጣፎው ልጅ ነው። አጎቱ ማሳውን አስታውሰዋል። ከየትኛው ወንዝ ማዶ፣ ከየትኛው ዛፍ በታች፣ ድንጋይ ክምር አጠገብ መሆኑን ሁሉ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እዚያው ማሳ ላይ አግኝተዋል። ሳንቲሙን ለቅርስ ባለሥልጣን ሊያስረክብ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። በወረቀቱ ላይ የአጎቱ መንደር ስም እንዲጻፍ።

ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሳንቲሙን ምንም ሳያጥበው በወረቀት ጠቅልሎ፣ አስመሳዩንም ለብቻው አድርጎ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ። አጎቱም ይመጣሉ።